ወዙ ሙሉ፣ ምቱ ጎደሎ

አጉሊ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት ታላላቅ ወንድሞቿ ናቸው። ሲጠየቁ "ከአጉሊ መነጽር ወስደነው ነው" ይላሉ፤ ትንሿን ነገር ታገዝፋለች ለማለትም እንደሆነ ግን እሷ አላጣችውም። ያም ሆነ ይህ ስሙ ተጣበቀባት። ዛሬ እናቷ ስትቆጣት ካልሆነ በቀር በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም።

ሥራዋ ሳንቲም ማየት ነው። መቁጠር አይደለም፣ ማየት። ሰብሳቢዎች ከየመሳቢያቸውና ከየሟች አጎታቸው ሣጥን ያወጡትን የቆየ ሳንቲም ይዘውላት ይመጣሉ። እሷም መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት መብራት አብርታ፣ ሳንቲሙን ጠርዙን ብቻ በሁለት ጣቷ ይዛ ታገላብጠዋለች። ከዚያ ከአንድ እስከ ሰባ ካለው ቁጥር የሚገባውን ትሰጠዋለች። ሰባ ማለት እንከን የማይወጣለት ማለት ነው። አጉሊ ሰባ ሰጥታ አታውቅም። "የራሷን ልጅ ብትወልድ እንኳ ስልሳ ስምንት ብላ ነው የምታስመዘግበው" ይላሉ የሥራ ባልደረቦቿ።

የዚህ ሥራ ክፋቱ ማታ ቤት ድረስ ተከትሎ መምጣቱ ነው። ሰው ቤት ስትጋበዝ ማንኪያውን ገልብጣ ታያለች። አንዴ የልብ ጓደኛዋ አዲስ ቀለበቷን ስታሳያት "በጣም ያምራል፣ ግን ተፈግፍጓል" ብላ ለአንድ ወር ተኮራርፈዋል። ስለዚህ የእጮኛዋን ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትተዋወቅ የምትሄድ ዕለት እናቷ በር ላይ አስቁማ መከረቻት።

"ስሚኝ ልጄ። ሰው ቤት ስትገቢ ዓይንሽን ሰብሰብ አድርጊ። መነጽርሽንም እዚሁ ትተሽው ሂጂ።"

"እሺ እማዬ።"

"አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።"

"እሺ አልኩሽ እኮ!"

እሺ አለች እንጂ አልተወችውም። ያቺ ትንሽ አጉሊ መነጽር ከሌለች ራቁቷን የወጣች ይመስላታል።

እጮኛዋ የእንስሳት ሐኪም ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሁለቱም እጆቹ ላይ የድመት ቡጭሪያ የማይጠፋበት፣ ጠብ ሲነሳ ደግሞ ከክፍሉ የሚወጣበት ምክንያት የማያጣ ሰው። ነገር ማብራራት አይወድም። ስለ አባቱ የነገራት "የመንግሥት መኪና ላይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ" ብሎ ነው፤ እሷም ሾፌር ናቸው ብላ ተቀበለች። ስለ እሷ ለወላጆቹ የነገራቸው ደግሞ "ገንዘብ ላይ ነው የምትሠራው" ብሎ ነው፤ እነሱም ባንክ ናት ብለው ተቀበሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ነበር።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ እናትየው በር ላይ ጉንጯን ደጋግመው ስመው አስገቧት። ድሮ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ አንድ ጥያቄ ጠይቀው መልሱ ሳያልቅ ሁለተኛውን የሚያገናኙ ሴት ናቸው። የሐኪሙ ታናሽ እህት፣ አሁንም ተማሪ የሆነችው፣ ከሶፋው ሳትነሳ ከእግር እስከ ራስ አየቻትና ፈገግ አለች። አባትየው መጡ። ትከሻቸው በሩን የሚሞላ፣ መዳፋቸው ሰሃን የሚያክል ሰው ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ሁሉን ነገር የሚናገሩት ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣሩ ሆነው ነው።

"እንኳን ደህና መጣሽ!" አሉ። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ነዘሩ።

ምሳው ደስ የሚል ነበር። ሾርባው ቀረበ፣ ዶሮው ተቆረጠ። አጉሊም ሹካውን ሳትገለብጥ ግማሽ ሰሃን ደረሰች። ይኼኔ አባትየው አፋቸውን ጠርገው ዞሩ።

"እና የትኛው ባንክ ነሽ፣ ልጄ?"

"ባንክ አይደለሁም፣ ጋሼ። ሳንቲም ነው የማየው።"

"ምን?"

"ሳንቲም!" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "የቆዩ ሳንቲሞችን እመረምርና ደረጃ እሰጣቸዋለሁ!"

ሐኪሙ ሾርባው ውስጥ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሁሉ አቀረቀረ። አባትየው ሹካቸውን አስቀመጡ።

"አንተ! እኔ ምን ስሠራ እንደኖርኩ አልነገርካትም?"

"መኪና ላይ ነበር ብያታለሁ፣ አባዬ።"

"የምን መኪና? ሳንቲም ማተሚያ መኪና ነዋ!" ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ቸብ አደረጉት። "ልጄ፣ ይህ ሕዝብ ዳቦ የገዛበትን፣ አውቶቡስ የተሳፈረበትን ሳንቲም የመታሁት እኔ ነኝ! ሠላሳ ዓመት! ይኸው ጆሮዬን ለሱ ነው የሰጠሁት!"

"አሁን ሊያመጡት ነው" አለች እህትየው በሹክሹክታ።

አባትየው ተነሱ። ከቡፌው ላይኛ መደርደሪያ አንዲት ከፋይ የለበሰች ሣጥን አወረዱ፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፈው መጡና ከዶሮው አጥንት ራቅ አድርገው አስቀመጧት። ሲከፍቷት ውስጧ አንድ የኒኬል ሳንቲም አለ። ላዩ ላይ ሸመላ፣ በአንድ እግሩ ሸምበቆ መሃል ቆሞ።

"አዲሱ ሸመላ ሊታተም የታዘዘ ቀን" አሉ፣ "ከኔ መኪና መጀመሪያ የወደቀው ይኼ ነው። የራሴን ሳንቲም ከኪሴ አውጥቼ ለውጬ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ አልነካውም።" ይህን ሲሉ ሚስታቸውን በጎን አዩ። "እኔ እስከማውቀው።"

"ደግሞ ጀመረ" አሉ እናትየው።

"በይ ፍረጂ!" አሉ አባትየው ወደ አጉሊ ዞረው። "ቁጥሩን ስጪው!"

አጉሊ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየች። "እዚህ እኮ ደህና መብራት የለም፣ ጋሼ" አለች። አባትየው ከመኝታ ቤት የንባብ መብራታቸውን ነቅለው አመጡ። "መነጽርም ያስፈልጋል…" አለች። እህትየው "ቦርሳሽ ላይ የተንጠለጠለችው ምንድን ናት?" አለቻት። የእናቷ ፊት ድቅን አለባት። ምንም ማምለጫ የለም። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ አነሳችው።

ሳንቲም የሚወለደው እንዲህ ነው። አንድ ልሙጥ ክብ ብረት፣ ሥዕል በተቀረጸባቸው በሁለት ማኅተም ብረቶች መሃል ይቀመጥና አንዴ ይመታል። ያቺ ምት ሙሉ ከሆነች ብረቱ ተገፍቶ እያንዳንዷን ጎድጓዳ ይሞላና ሥዕሉ እስከ ጸጉሩ ይወጣል። ምቷ ከሰነፈች ብረቱ ከመንገድ ይቀራል። ወዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወዝ ማብለጭለጭ አይደለም፤ ድስትም ቢፈገፈግ ያብለጨልጫል። ወዝ ብረቱ ሲመታ ከመሃል ወደ ዳር እየፈሰሰ የሚተወው፣ ዓይን የማይለየው የመስመር ብዛት ነው። ሳንቲሙን መብራት ሥር ዘንበል ቀና ሲያደርጉት ብርሃኑ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ይዞራል። አንዴ በጨርቅ ከታሸ የለም፣ ሄደ፤ የሚመልሰው ጥበብ አልተገኘም።

አጉሊ ዘንበል አደረገችው። ብርሃኑ ከሸመላው እግር ተነሥቶ ዙሪያውን በረረ። እሷ ሳታስበው "ወይኔ!" አለች።

"ምን?" አሉ አባትየው።

"ወዙ! እንዲህ ያለ ወዝ አይቼ አላውቅም። ትናንት የታተመ ነው የሚመስለው።"

አባትየው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ምሳው በሰላም ባለቀ። ግን ዓይኗ ወደ መሃል ሄደ፤ ወደ ሸመላው ደረት። ያ የሥዕሉ ከፍተኛ ቦታ፣ ብረቱ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ነው። ደረቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

"ምን አየሽ?"

"ምንም… ደረቱ ላይ ላባ የለውም እንጂ።"

"ሸመላ ደረቱ ላይ ላባ የለውማ!" አሉ አባትየው።

"ዶሮ እንኳ አለው" አለች እህትየው።

"ዶሮና ሸመላ አንድ ነው? አንተ! የእንስሳት ሐኪም አይደለህም እንዴ? ተናገር!"

ሐኪሙ ቀና አለ። በአንድ በኩል አባቱ፣ በሌላ በኩል እጮኛው። ውኃ ላምጣ ብሎ ሊነሳ ሲል እናቱ እጁን ይዘው አስቀመጡት።

"አለው፣ አባዬ" አለ በመጨረሻ፣ ለታመመ ድመት ባለቤት መጥፎ ዜና በሚነግርበት ድምፅ። "ደረቱ በሙሉ ላባ ነው።"

አባትየው ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አየሽ? ነግሬሽ ነበር። አቧራ ልጥረግ ብለሽ አሽተሽዋል። ላባውን አጥፍተሽዋል!"

"እኔ? እኔ ያችን ሣጥን ነክቼ አላውቅም!"

"የለም የለም፣ ጋሼ!" አለች አጉሊ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻለችም፤ ነገሩ የሥራዋ ነው። "ማንም አልነካውም። ቢታሽ ኖሮ ወዙ ደረቱ ላይ ይቋረጥ ነበር። ይዩት፣ ብርሃኑ ሳይሰበር በደረቱ ላይ ያልፋል። በመነጽር ሲያዩት ደግሞ ልሙጡ ብረት ሳይመታ በፊት የነበረው ሻካራ ቆዳ እንዳለ አለ። ላባው አልጠፋም። መጀመሪያውኑ አልወጣም። ወዙ ሙሉ ነው፤ ምቱ ነው የጎደለው።"

እናትየው ብድግ ብለው አንገቷን አቀፏት። "ሠላሳ ዓመት!" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሳንቲም ስታማ ኖሬ ዛሬ ነጻ ወጣሁ! ልጄ፣ ተባረኪ!"

አባትየው ግን የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው። "ምቱ ጎደለ?"

"ትንሽ።"

"የኔ ምት?"

አጉሊ ሳንቲሙን ሣጥን ውስጥ መለሰች። "ስንት ሰጠሽው?" አሉ። "ስልሳ ሦስት" አለች። "ከመቶ?" "ከሰባ።" ይኼኔ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ እህትየው ግን የተማሪ ነገር ሆኖባት "ላባው ቢኖርስ ኖሮ?" ብላ ጠየቀች። አጉሊ ዋሽታ አታውቅም፤ "ስልሳ ሰባት" አለች። አባትየው ሣጥኗን ዘጉ። ኬክ ሲመጣ አልበሉም። ሲሰነባበቱም "ደህና ሁኚ" ያሉት በተራ ሰው ድምፅ ነበር፤ ከሳቸው አፍ ያ ማለት ለቅሶ ነው።

"አልኩሽ" አለቻት እናቷ ቤት ስትገባ፣ ገና ምንም ሳትነግራት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። እንዲያውም ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር። "አባዬ ላይ የሚስቅ ሞልቷል እንጂ፣ እውነት የነገረው ሰው የለም" አላት። ቢሆንም ሳምንቱ ከባድ ሆነ። አባትየው ስልክ ሲደወል አያነሱም። እናትየው በየቀኑ እየደወሉ የአየር ሁኔታ ያህል ይዘግባሉ፦ ዛሬ ቁርስ በልቷል፣ ዛሬ ወጥቶ ኪሱ እየተንቃጨለ ተመለሰ፣ ዛሬ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩን ሳንቲም ለውጥልኝ ብሎ ተጣላ። አጉሊ ምን እየሠሩ እንደሆነ ሊገባት አልቻለም። "አማቴን በሰርጌ ዋዜማ የገደልኩ እኔ ብቻ ነኝ" አለች ለባልደረቦቿ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለች ከእንግዳ መቀበያው ጩኸት የሚመስል ነገር ተሰማ። ጩኸት አልነበረም። አባትየው ሰላምታ እየሰጡ ነው።

ስትወጣ ሁለቱም ቆመዋል። አባትየው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ የሱፍ ካልሲ አንገቱን አንቀው ይዘዋል፤ ካልሲው ሞልቶ ተወጥሯል። እናትየው ደግሞ ከጀርባቸው የአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

"እሱ ብቻውን እንዲመጣ አልፈቀድኩም" አሉ እናትየው። "ቆርቆሮዬንም ለሱ አላምንም።"

"ይግባኝ ልጠይቅ ነው የመጣሁት!" አሉ አባትየው።

አለቃዋ ከቢሯቸው ብቅ ብለው አዩና "ይግቡ፣ ይግቡ" አሉ፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ በየቀኑ አይገኝም። ሦስቱም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተው ተቀመጡ። አባትየው ካልሲውን ከፋይ በለበሰው ትሪ ላይ ዘረገፉት። ሸመላ በሸመላ ላይ ወደቀ። ሳምንቱን ሙሉ ከየሱቁ፣ ከየአውቶቡሱና ከየጎረቤቱ ሲለቅሙ የሰነበቱት የዚያን ዓመት ሳንቲም ነው።

"እያቸው! አንድ በአንድ እያቸው!"

አየቻቸው። አንዳንዱ ዝጓል፣ አንዳንዱ ተቧጭሯል፣ አንዱ ላይ ማስቲካ ተጣብቋል። ማርጀታቸውን ማርጀታቸው ነው፤ ግን ደረቱ ገና ያልተበላው ሁሉ፣ እንከን የማይወጣለት ልሙጥ ነው። ላባ ያለው አንድም ሸመላ የለም።

"አየሽ?" አሉ አባትየው ድል ባደረገ ሰው ድምፅ። "የኔ ጥፋት አይደለም። ሸመላው ነው እንዲህ!"

አጉሊ ግራ ገባት። ምናልባት ማኅተም ብረቱ ላይ ላባው ሳይቀረጽ ቀርቶ ይሆን? ከሆነ በእርግጥም የፈረደችው ያለ አግባብ ነው። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እናትየው ቆርቆሯቸውን ከፍተው በጣታቸው አዝራሩን ማማሰል ጀመሩ።

"እኔም ጋ አንድ አለ" አሉ። "የስፌት መኪናዬን ብሎን የምፈታበት። ካቻቢቴ ሁሌ ስለሚጠፋ።" አንድ ሳንቲም አውጥተው አቀበሏት።

ግራጫ፣ የሞተ ሳንቲም ነበር። ጠርዙ በብሎን ተበልቷል። ዘንበል ብታደርገው፣ ቀና ብታደርገው ብርሃኑ ወዴትም አይሄድም። "ይኼ ታጥቧል፣ አይደል?" አለች።

"በየዓመቱ! በሎሚና በጨው ነው የማጥበው። ንጹሕ ዕቃ እወዳለሁ።"

አጉሊ በውስጧ እያዘነች መነጽሯን አስጠጋች። ደረቱ ላይ ላባ አለ። አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ፣ እያንዳንዱ ላባ ከነመሃል መስመሩ። መነጽሩንና ሳንቲሙን ለአባትየው ሰጠቻቸው። እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሳንቲሙን ገለበጡና ከዓመተ ምሕረቱ ሥር ያለውን ነገር ፈለጉ።

"ሁለት ነጥብ" አሉ ቀስ ብለው።

"ምን ነጥብ?"

"እያንዳንዱ መኪና ምልክት አለው። የኔ አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ ያለው…" ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "ቀጭኔ! ይኼ የቀጭኔ ሳንቲም ነው!"

ቀጭኔ ማለት፣ አጉሊ ቀስ በቀስ እንደተረዳችው፣ ከአባትየው ጎን ሁለተኛውን መኪና ይነዳ የነበረ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ጸጉሩን በቅባት የሚያበጥር የሥራ ባልደረባቸው ነው። ሁለቱ በወጣትነታቸው እሳትና ጭድ ነበሩ። የማይጣሉበት ነገር አልነበረም፤ በኳስ ቡድን፣ በመኪና አያያዝ፣ ደግሞም በስልክ ቤቱ ውስጥ ባለች በአንዲት ኦፕሬተር።

አባትየው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ድምፃቸው እንደ ሌላ ሰው ዝቅ አለ። "የቀጭኔን ሳንቲም… እስከ ዛሬ… አስቀምጠሽ?"

"አስቀምጬ?" እናትየው ሳቁ። "ብሎን እየፈታሁበት! እሱ ለስልክ ቤቱ ሴት ሁሉ ነው አንዳንድ ያደለው። ለአለቃችንም ሰጥቷታል፤ እሷስ የልጅ ልጅ ነበራት። አንተስ ለኔ ሰጠኸኝ? የራስህን ሳንቲም ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ፣ እንዳትነኪው አልከኝ!"

አጉሊ ሁለቱን አየችና የሰርጓ ነገር ከዚህ ወዲያ በቀልድ የሚታለፍ እንዳልሆነ ተሰማት። የምታውቀው አንድ መንገድ ሥራዋን መሥራት ብቻ ነው።

"ጋሼ" አለች፣ "ለምን ይመስልዎታል የሳቸው ላባ የወጣው?"

ጥያቄው ከሚስታቸው ወደ መኪናቸው መለሳቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫቸው ወጣ። "አውቃለሁ እንጂ! ሸመላው ሳይጀመር የማተሚያው አለቃ መጥቶ፣ ማኅተም ብረቱ ውድ ነው፣ ቶሎ እንዳይሰነጠቅ ግፊቱን ቀንሱ አለን። እኔ ቀነስኩ። ቀጭኔ ግን ሰው ሲያዘው አይወድም፤ እንዲያውም ጨመረበት። ጨመረና ሳምንት ሳይሞላ ብረቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ መኪናው ቆመ። ዓመቱን ሙሉ የመታሁት እኔ ብቻዬን ነኝ! እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጸጉሩን ሲያበጥር!"

"እንግዲያው እኮ" አለች አጉሊ በትሪው ላይ የተዘረጉትን እያሳየች፣ "ይኼ ሁሉ የእርስዎ ነው። ሰው ኪስ የገባው ሸመላ ሁሉ የእርስዎ ነው። እኛ እዚህ ደካማ ምት ብለን እናልፈዋለን እንጂ፣ ለምን እንደደከመ የነገረን ሰው አልነበረም።"

አባትየው ካልሲ ሙሉ ሸመላቸውን ተመለከቱ። ደረታቸው ቀስ እያለ ሞላ። "ስለዚህ ቁጥሩን ታሻሽያለሽ?"

"የለም።"

"ስልሳ አራት በይው።"

"ስልሳ ሦስት ነው፣ ጋሼ። ላባ የለውም።"

"ለአማት እንኳ?"

"ለአማት ቢሆንማ ስልሳ ሁለት ነበር። አዳላች እንዳልባል።"

እናትየው ሳቃቸውን በቆርቆሮው ከለሉ። አባትየው ድንገት እንዳስታወሰ ሰው ያችን ግራጫ ሳንቲም አነሱ። "ይኼስ? የቀጭኔ ስንት ነው?"

"ምቱ ድንቅ ነው" አለች። "ከዚህ ዓመት ሳንቲም እንዲህ ያለ አላየሁም። ግን ታጥቧል። ወዙ ጠፍቷል። የታጠበ ሳንቲም ቁጥር አይሰጠውም።"

"ትንሽም?"

"ምንም።"

"ቁጥር የለውም" አሉ አባትየው። ቀስ ብለው፣ ከረሜላ እንደሚመጥጥ ሰው፣ ደገሙት። "ቀጭኔ ቁጥር የለውም!" ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ኮሪደሩን አልፎ እንግዳ መቀበያ ድረስ ተሰማ፤ አለቃዋ ምን ሆኑ ብለው በሩን ከፈቱ። አባትየው ዓይናቸውን እየጠረጉ የሚስታቸውን ትከሻ አቀፉ። "ተባረኪ፣ አንቺ ሴት! በሎሚና በጨው! በየዓመቱ!"

ዕርቁ በዚሁ ወረደ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው አጉሊን ግንባሯን ሳሟት፤ ለልጃቸውም የዚያኑ ዕለት ደውለው "ይቺ ልጅ እንዳታመልጥህ፤ በዚህ ቤት እውነት የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ አንተማ ሾርባ ውስጥ ነህ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ለሚያገኙት ሁሉ ስለ ስልሳ ሦስት ያወራሉ። ሰባ ለምን አላገኘም ለሚላቸው ሰው ደግሞ ስለ ግፊትና ስለ ማኅተም ብረት የሚያስረዱበት ጊዜ ሞልቷቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አላስተኛቸውም፤ ቀጭኔ ውጤቱን አለማወቁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። እናትየው የድሮ ሙያቸውን አልረሱምና ከሰው ወደ ሰው እየደወሉ የስልክ ቁጥሩን አገኙ። አባትየው ደውለው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እሑድ ምሳ ና። የምነግርህ አለኝ።"

እሑድ አጉሊም ተጋብዛለች። በር ሲንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት። ደፉ ላይ አንድ ድብልብል ሽማግሌ፣ አንድ እጁ የደረጃው መደገፊያ ላይ፣ አንድ እጁ ሆዱ ላይ፣ ትንፋሽ አጥሮት ቆሟል። አንገት የሚባል ነገር የለውም።

"ቀጭኔ ነኝ" አለ።

አጉሊ በጭንቅ ሳቋን ዋጠች። ከጀርባዋ አባትየው መጡ። ሁለቱ ተያዩ። አባትየው ስለ ሳንቲሙ ሊናገሩ አንድ ሳምንት የተዘጋጁትን ሁሉ ረስተው፣ "አንተ! ይኼን ሁሉ የት አገኘኸው?" አሉ።

"አንተ ግፊት ስትቀንስ እኔ ጨመርኩበት" አለ ቀጭኔ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጉሊ ያየችው በኩሽናው በር በኩል ነው። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱንም ሳንቲሞች አስቀምጠው፣ መነጽሯን እየተቀባበሉ፣ ማን ልክ እንደነበረ እየተጯጯሁ ነበር። ሁለቱም ጆሯቸው ደካማ ነው፤ አንዱም የሌላውን አልሰማም፤ ሁለቱም ፊታቸው በርቷል። እናትየው ኬኩን እየቆረሱ "ተዋቸው፣ ዛሬ ብርጭቆ ከተረፈ ደግ ነው" አሉ። ሐኪሙ ከጎኗ ሆኖ ሰሃን ያጥባል፣ እሷ ታደርቃለች።

"እንሂድና እናስታርቃቸው?" አላት።

አጉሊ ሰሃኑን መብራት ላይ ከፍ አድርጋ አየችው። ጫፉ ላይ የሾርባ ቅሪት አለ። መልሳ ውኃው ውስጥ ከተተችው።

"መጀመሪያ ይኼን ድገመው" አለችው።